የመጨረሻዋ ክሮሞሶም እስክትደርስ

ማይቶሲስን፣ አንድ ሕዋስ ለሁለት የሚከፈልበትን ሂደት፣ መጀመሪያ ያወቅሁት በአራት ቃላት ነው፦ ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ። ቅደም ተከተላቸው እንዳይዛባብኝ እየደጋገምሁ በቃሌ ያዝኋቸው፤ በፈተና ወረቀት ላይ ሳልሳሳት ጻፍኋቸው፤ ሙሉ ነጥብም አገኘሁባቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሕዋስ ክፍፍል በተነሣ ቁጥር በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጣው በቀስት የተያያዙ አራት ክብ ሥዕሎች ነበሩ። ሕዋሱ ከአንዱ ክፍል ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘግቶ ወደሚቀጥለው የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ሥዕሎቹ ስሕተት አልነበሩም። ይሁን እንጂ አራቱን ደረጃዎች ከሚለያዩት ሦስት ድንበሮች መካከል ሁለቱን ለማስተማር እንዲመቸን ያሰመርናቸው እኛ ሰዎች እንደሆንን፣ አንዱን ግን ሕዋሱ ራሱ እንደሚያሰምረውና እስኪያሰምረውም ድረስ ቆሞ እንደሚጠብቅ የገባኝ ትምህርቱን ከጨረስሁ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ስለዚያ አንድ ድንበር፣ የዲኤንኤ ጥቅል የሆኑት ክሮሞሶሞች መሃል ላይ ከሚሰለፉበት ከሜታፌዝ ለሁለት ወደሚለያዩበት ወደ አናፌዝ ስላለው መሻገሪያ፣ ለመጻፍ ሳስብ ቆይቻለሁ።

ስሞቹ ራሳቸው ከአንድ ሰው አፍ በአንድ ጊዜ የወጡ አይደሉም። ጀርመናዊው ቫልተር ፍሌሚንግ በኪል ከተማ የሳላማንደር እጮችን ሕዋሶች በአኒሊን ማቅለሚያ እየቀለመ ሲያጠና፣ በሕዋሱ እምብርት፣ በኒውክለሱ ውስጥ፣ ቀለሙን አጥብቆ የሚይዝ ነገር አገኘና ክሮማቲን አለው። ሕዋሱ ሊከፈል ሲል ይህ ነገር ክር ክር መስሎ ስለሚታይ፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1882 ባሳተመው መጽሐፍ ሂደቱን ክር ከሚለው የግሪክ ቃል ማይቶሲስ ሲል ሰየመው። ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝና አናፌዝ የሚሉትን ቃላት በ1884 ያመጣው የዕፅዋት ተመራማሪው ኤድዋርድ ስትራስቡርገር ሲሆን፣ ቴሎፌዝ አሥር ዓመት ዘግይቶ በ1894 ከማርቲን ሃይደንሃይን መጣ። ክሮሞሶም የሚለውን ቃል ቫልዳየር የፈጠረው በ1888 ስለሆነ፣ ሜታፌዝ ስም ሲወጣለት በመሃሉ የሚሰለፉት ነገሮች ገና ዛሬ የምንጠራቸውን ስም አላገኙም ነበር። ይህን ሳውቅ እንደ ሕግ በቃሌ የያዝሁት ዝርዝር የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ጊዜ የለጠፏቸው ምልክቶች ድምር መሆኑ በጥቂቱ አስገርሞኛል።

እነዚያ ሰዎች በአብዛኛው የሚያዩት የሞተ ሕዋስ እንደነበረም መዘንጋት የለበትም። ሕዋሱ ቀለም እንዲይዝ መጀመሪያ በኬሚካል ባለበት ሞቶ እንዲቆም ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ምን ጊዜም አይንቀሳቀስም። ተመራማሪው እጅ ላይ የሚቀረው የተበተነ የፎቶግራፍ ክምር ዓይነት ነገር ነው፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ምስሎቹ ራሳቸው አይናገሩም። ፍሌሚንግ ታላቅነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሳላማንደር እጭ ሕዋሶች ትልልቅና ብርሃን የሚያሳልፉ በመሆናቸው፣ በቀለም ያያቸውን ምስሎች በሕይወት ካሉ ሕዋሶች ጋር እያስተያየ ቅደም ተከተላቸውን አስተካከለ። እኛ በክፍል ውስጥ የወረስነው ግን ምስሎቹን ብቻ ነው፤ በምስሎቹ መካከል ያለፈው ጊዜ አልተሰጠንም።

ጊዜውን መጀመሪያ ያሳየኝ የሽንኩርት ሥር ነው። የሽንኩርቱ መቀመጫ ውኃ እንዲነካ ተደርጎ በብርጭቆ አፍ ላይ ሲቀመጥ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጫጭ ሥሮች ያወጣል። ከሥሩ የሚፈለገው የጫፉ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ሕዋሶቹ በብዛት የሚከፈሉት እዚያ ነውና። ጫፉ ሕዋሶቹን ያጣበቀው ነገር እንዲላላ በሞቀ ቀጭን የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይነከራል፤ ከታጠበ በኋላ በአሴቶካርሚን ይቀለማል፤ በስላይድ ላይ ሆኖ በቀጭኗ መሸፈኛ መስታወት ሥር በአውራ ጣት ይጨፈለቃል። የመጀመሪያ ሙከራዬ ከሥሩ ጫፍ ራቅ ብዬ በመቁረጤ ከሸፈ፤ በማይክሮስኮፑ ያየሁት እንደ ሣጥን የተደረደሩ ረጃጅም ሕዋሶችን ነበር፤ አንዱም አይከፈልም። በሁለተኛው አውራ ጣቴን አክብጄ መስታወቷን ሰበርኋት። ሦስተኛው ተሳካ። ወይን ጠጅ መልክ ያላቸው ክሮሞሶሞች፣ አንዳንዶቹ የተልባ ፍሬ የመሰሉ፣ አንዳንዶቹ ጎብጠው ክንዳቸውን ወደ ኋላ የጎተቱ፣ ከሥዕሎቹ ይልቅ የተዝረከረኩ ሆነው ታዩኝ።

የተሰጠን ሥራ ሁለት መቶ ሕዋሶችን እየቆጠርን በየደረጃቸው መመደብ ነበር። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ለእኔ ግን ከትምህርቱ ሁሉ ያልተረሳኝ እርሱ ሆነ። አብዛኞቹ ሕዋሶች ክብና ፍርክስክስ ያለ መልክ ያለው ኒውክለስ ይዘው ዝም ብለዋል። ከሚከፈሉት መካከል የሚበዙት ፕሮፌዝ ላይ ናቸው። አናፌዝ የግድ ተፈልጎ ነው የሚገኘው፤ መስኩን ወዲያና ወዲህ እያንሸራተትሁ አንዱን ሳገኝ ደስ ይለኝ ነበር። አጠገቤ የነበረው ተማሪም የእኔን የሚመስል ቁጥር ሲያወጣ ነገሩ በራልኝ። ሕዋሶቹ ሁሉ በአንድ ቅጽበት የቆሙ ስለሆኑ፣ ብዙ ሕዋስ የተገኘበት ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚፈጅ ነው፤ ጥቂት የተገኘበት ደግሞ ቶሎ የሚያልፍ። ከሞቱ ሕዋሶች ቁጥር የሕያዋኑን ሰዓት ማንበብ ይቻላል። በላብራቶሪ የሚያድግ የሰው ሕዋስ ከክፍፍል እስከ ክፍፍል 24 ሰዓት ገደማ ሲወስድ፣ ማይቶሲስ ከዚያ ውስጥ የሚይዘው አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያችም አንድ ሰዓት ውስጥ የአናፌዝ ድርሻ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። በመማሪያ መጽሐፌ ግን አራቱ ክቦች እኩል ስፋት ነበራቸው።

ዝም ያሉት ሕዋሶች ያሉበት ደረጃ ኢንተርፌዝ ይባላል፤ ቃሉ በመካከል ያለ ጊዜ ማለት ነው። ቀደም ባለው ዘመን የዕረፍት ደረጃ የሚሉትም ነበሩ፤ በማይክሮስኮፕ ምንም ሲሠራ ስለማይታይ አይፈረድባቸውም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አልማ ሃዋርድና ስቲቨን ፔልክ የባቄላ ሥሮችን ራዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ አጥጥተው ዲኤንኤ መቼ እንደሚሠራ ሲከታተሉ ግን፣ ቅጂው የሚካሄደው በዚሁ የዕረፍት በተባለው ጊዜ ውስጥ፣ ያውም በተወሰነ ክፍሉ ብቻ መሆኑን አገኙ። ከቅጂው በፊትና በኋላ ምን እንደሚሠራ ያልታወቀ ክፍተት ስለቀረ ሁለቱን ክፍተት (በእንግሊዝኛ ጋፕ) ብለው ተዉአቸው፤ ዛሬም ጂ አንድና ጂ ሁለት የምንላቸው ከዚያ የመጡ ናቸው። በሰው ሕዋስ ውስጥ ከስድስት ቢሊዮን የሚበልጡ የዲኤንኤ ፊደል ጥንዶች በስምንት ሰዓት ገደማ ይገለበጣሉ። ማይቶሲስ ሲጀመር ዋናው ሥራ አልቋል ማለት ይቻላል፤ የሚቀረው የተባዛውን ለሁለት ማካፈል ነው።

ማካፈሉ ቀላል የሚመስለው የክሩን ርዝመት እስክናስብ ነው። የአንድ የሰው ሕዋስ ዲኤንኤ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ሲሆን፣ ታጭቆ የሚኖርበት ኒውክለስ ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ አይበልጥም። ትልቁ ክሮሞሶማችን ብቻውን ከ8 ሴንቲሜትር በላይ ክር ነው። እንዲህ ያለውን ልቃቂት ያለ ዝግጅት ለሁለት መጎተት ውሉን ማጥፋት፣ ከዚያም መበጠስ ነው። ስለዚህ በፕሮፌዝ ሕዋሱ እያንዳንዱን ክር በራሱ ላይ እየጠመጠመ ወደ አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ያሳጥረዋል። ኮንደንሲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ክሩን እያጠፉ ቀለበት በቀለበት ይሰበስቡታል፤ ኮሄሲን የሚባሉት ደግሞ ከቅጂው ሰዓት ጀምሮ ዋናውንና ግልባጩን እንደ ቀለበት ከብበው አቆራኝተዋቸዋል። በማይክሮስኮፕ የሚታየው ድርብ ክሮሞሶም ሁለት ክሮማቲዶች ሴንትሮሜር በሚባለው ወገባቸው ተጣብቀው የቆሙበት ነው። ወዲያው የኒውክለሱ ሽፋን ይፈርሳል፤ ይህም ፕሮፌዝ የት እንደሚያልቅ ከሚያከራክሩት ነገሮች አንዱ ነው። ከሽፋኑ መፍረስ ጀምሮ ያለውን ፕሮሜታፌዝ የሚል አምስተኛ ስም የሰጡት አሉ። አንዳንድ መጻሕፍት ይቀበሉታል፤ አንዳንዶቹ ይዘሉታል፤ ሕዋሱ ግን በዚያ ቅጽበት ክሮሞሶሞቹን ማሰባሰቡን አንዴም አላቋረጠም።

እዚህ ላይ እንዝርቱ ይመጣል። ሳይንቲስቶቹ በየቋንቋቸው የመረጡለት ስም በአማርኛም እንዝርት የሚለው ሆኖ ሲገኝ ደስ ይለኛል፤ ክር ያለ እንዝርት አይሆንምና። እንዝርቱ የተሠራባቸው ክሮች ከሕዋሱ ሁለት ጫፎች፣ ከዋልታዎቹ፣ ተነሥተው ወደ መሃል የሚዘረጉ፣ ማይክሮቲዩቡል የሚባሉ ቀጫጭን የፕሮቲን ቱቦዎች ናቸው፤ ስፋታቸው 25 ናኖሜትር ነው። በሞተ ሕዋስ ብቻ ይታዩ ስለነበር ኬሚካሉ የፈጠራቸው እንጂ በሕያው ሕዋስ የሉም ብለው የተጠራጠሩ ሊቃውንት ነበሩ። ጥርጣሬውን የዘጋው ጃፓናዊ አሜሪካዊው ሺንያ ኢኖዌ ነው፤ በራሱ እጅ ባሻሻለው የፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የእንዝርቱን ክሮች በሕያው ሕዋስ ውስጥ፣ ሳይገድልና ሳይቀልም አሳየ።

ክሮቹ መንገዱን አያውቁም። እያንዳንዱ ማይክሮቲዩቡል በአንድ አቅጣጫ ያድጋል፣ ምንም ካላገኘ በድንገት ይፈርሳል፣ እንደገና በሌላ አቅጣጫ ያድጋል፤ በጨለማ ቤት ውስጥ እጁን እየዘረጋ እንደሚዳብስ ሰው ነው። ክሮሞሶሟ በወገቧ ላይ በሁለት ፊት ኪኔቶኮር የሚባል መያዣ አላት። አንዱ ክር ድንገት ሲነካት ይይዛታል፤ ወደዚያ ዋልታ ትሳባለች፤ ከዚያ በሌላው ፊቷ ከተቃራኒው ዋልታ የመጣ ክር ይይዛታል፤ ወዲያና ወዲህ ስትጎተት ቆይታ ሁለቱ ስበቶች ሲመጣጠኑ መሃል ላይ ትቆማለች። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱም ፊቶቿ በአንድ ዋልታ ክሮች ይያዛሉ፤ ይህ ስሕተት ነው፤ ግን ያን ጊዜ በሁለቱ ፊቶች መካከል መወጠር አይኖርም። ያልተወጠረ ማያያዣ ይላላል፣ ይለቃል፣ ፍለጋው እንደገና ይጀመራል። ትክክለኛው አያያዝ የሚጸናው ስለሚወጠር ነው። ይህ ሁሉ የዕድል ሥራ በመሆኑ፣ ከ46ቱ ክሮሞሶሞች አብዛኞቹ በጥቂት ደቂቃ መሃል ላይ ሲሰለፉ አንዷ ወይም ሁለቷ ዳር ላይ ሊቀሩ ይችላሉ።

የሕያው ሕዋስ ክፍፍል የተቀረጸበትን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ዓይኔን የያዘው ይህ ነው። መስመሩ ተስተካክሏል፤ ሁሉም ያለቀ ይመስላል፤ አንዲት ክሮሞሶም ግን ከአንዱ ዋልታ አጠገብ ተነጥላ ትንቀጠቀጣለች። መሃል የተሰለፉት ዝም ብለው አልቆሙም፤ በቦታቸው ላይ እየተወዛወዙ ነው። ደቂቃዎች ያልፋሉ። ማንም አይንቀሳቀስም ማለት ሳይሆን ማንም አይሄድም። ከዚያ ዳር የቀረችው በድንገት ተይዛ ወደ መሃል ትንሸራተታለች፤ ትሰለፋለች፤ ጥቂት ቆይቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለሁለት ይሰነጠቃሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ብሂል በሕዋስ ውስጥ ሲፈጸም ያየሁ መሰለኝ።

ሕዋሱ ሁሉም መድረሳቸውን በምን ያውቃል? የዋህ መልሴ ይቆጥራቸዋል የሚል ነበር። አይቆጥርም። ክር ያልያዘው ኪኔቶኮር ሁሉ ቆዩ የሚል ኬሚካላዊ መልእክት ያለማቋረጥ ይለቃል፤ ክር ሲይዘው ዝም ይላል። አንድ ያልተያዘ ኪኔቶኮር ብቻውን መላውን ሕዋስ ሊያቆም ይችላል። ሕዋሱ የሚጠብቀው የሁሉንም መድረስ ሳይሆን የዚያን ድምፅ መጥፋት ነው። በ1995 ኮንሊ ሪደርና ባልደረቦቹ ይህን በሚያምር ሙከራ አሳዩ። ሁሉም ተሰልፈው አንዷ ብቻ በቀረችበት ሕዋስ ውስጥ፣ የቀረችውን ክሮሞሶም ያልተያዘ ኪኔቶኮር በሌዘር ጨረር አጠፉት። ክሮሞሶሟ መሃል አልደረሰችም፤ መልእክት የሚልከው አካሏ ግን ጠፋ። ሕዋሱ ብዙም ሳይቆይ እርሷን ሳይጠብቅ አናፌዝ ጀመረ። ይህን ስረዳ ስለ ሕዋስ ጥበብ የነበረኝ አድናቆት ትንሽ ቀዝቅዞ በምትኩ ሌላ ዓይነት አድናቆት ተተካ፤ ምንም የማያውቅ ነገር እንዲህ በጥንቃቄ መሥራቱ ከሚያውቅ ይልቅ ያስገርማል።

ድምፁ ሲጠፋ የሚሆነው ሁሉ ፈጣን ነው። ሴፓሬዝ የሚባል ቆራጭ ኤንዛይም እስከዚያ ድረስ ሴኩሪን በሚባል ፕሮቲን ታስሮ ይቀመጣል። ቆዩ የሚለው መልእክት ሲነሣ ሴኩሪን ይፈርሳል፤ ሴፓሬዝ ይፈታል፤ እኅትማማቾቹን ክሮማቲዶች ያቆራኙትን የኮሄሲን ቀለበቶች ይቆርጣል። ሕዋሱን በማይቶሲስ ውስጥ ያቆየው ሳይክሊንም በዚያው ጊዜ ይፈርሳል። የተቆረጠ ቀለበት አይቀጠልም፤ የፈረሰ ፕሮቲን አይመለስም። ከፕሮፌዝ ወደ ሜታፌዝ ያለው መንገድ ደብዛዛ ነው፤ አናፌዝ መቼ ቴሎፌዝ እንደሚሆንም የሚወስነው ተመልካቹ ነው። ይህ መካከለኛው ድንበር ግን የተሳለ ነው፤ ከወዲህ ያለው ሊታረም ይችላል፣ ከወዲያ ያለው አይታረምም። የሳይክሊንን መኖር ቲም ሃንት በ1982 በባሕር ጃርት እንቁላሎች ውስጥ ያስተዋለው በእያንዳንዱ ክፍፍል እየተጠራቀመ ድንገት የሚጠፋ ፕሮቲን ስላየ ነው፤ በ2001 ከሊላንድ ሃርትዌልና ከፖል ነርስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ከዚያ ወዲያ ስላለው ብዙ አልልም። ክሮማቲዶቹ ወደየዋልታቸው ይሳባሉ፤ በዙሪያቸው አዲስ ሽፋን ይሠራል፤ ክሩ ይፈታታል። የእንስሳ ሕዋስ ወገቡ ላይ ባለ የአክቲንና የማዮሲን ቀለበት እንደ ኪስ ገመድ ተሸብቦ ለሁለት ይቆረጣል፤ ግድግዳው ግትር የሆነው የዕፅዋት ሕዋስ ግን መሸብሸብ ስለማይችል በመሃሉ አዲስ ግድግዳ ይገነባል። ስፈተን ይህን ልዩነት ሁልጊዜ እረሳው ነበር።

ጥበቃው የማይታለል አይደለም። አንድ ኪኔቶኮር በአንድ ጊዜ ከሁለቱም ዋልታዎች በመጡ ክሮች ከተያዘ፣ ክር ስለያዘው ዝም ይላል፤ ስለተወጠረም አይላላም። ሕዋሱ ሁሉ ደህና መስሎት ይሄዳል፤ ያቺ ክሮማቲድ ግን በሁለት ወገን እየተጎተተች መሃል ላይ ትዘገያለች፤ ወደ ተሳሳተው ልጅ ሕዋስ ልትገባም ትችላለች። ቴዎዶር ቦቬሪ በሁለት የወንድ ዘር የተፀነሱ የባሕር ጃርት እንቁላሎች ክሮሞሶሞቻቸውን ያለ እኩልነት ሲካፈሉና እድገታቸው ሲበላሽ አይቶ፣ በ1914 የካንሰር ምንጭ የክሮሞሶሞች መዛባት ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ዛሬ በብዙ ዕጢዎች ሕዋሶች ውስጥ የክሮሞሶም ቁጥር ተዛብቶ መገኘቱ የታወቀ ነገር ነው።

ይኸው ጥበቃ መሣሪያም ሆኗል። ኮልቺሲን የሚባለው የዕፅዋት መርዝ እንዝርቱ እንዳይሠራ ስለሚያደርግ፣ ክሮሞሶሞቹ ተጠቅልለው ክር የሚይዛቸው አጥተው፣ ሕዋሱ በራሱ ደንብ በአናፌዝ ደጅ ላይ ቆሞ ይቀራል። ለሠላሳ ዓመታት ያህል የሰው ክሮሞሶሞች 48 ናቸው ሲባል ቆይቶ፣ በ1956 ጆ ሂን ትዪዮና አልበርት ሌቫን 46 መሆናቸውን ያረጋገጡት እንዲህ በቆሙ ሕዋሶች ላይ ነው። ለካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች ቪንክሪስቲን ማይክሮቲዩቡሉ እንዳይገነባ፣ ፓክሊታክሰል ደግሞ እንዳይፈርስ ያደርጋሉ፤ ሁለቱም ሕዋሱን በዚያው ደጅ ያቆሙታል። የታካሚው ፀጉር የሚረግፈው የፀጉሩ ሥር ሕዋሶችም ቶሎ ቶሎ ስለሚከፈሉና መድኃኒቱ ስለማይለያቸው ነው።

በቅርቡ የቆዩ ደብተሮቼን ሳገላብጥ ያንን የሽንኩርት ሥር የሣልሁበትን ገጽ አገኘሁት። የሽንኩርት ክሮሞሶሞች 16 ናቸው፤ አሥራ ስድስቱንም በማስመሪያ ባሰመርሁት ቀጥ ያለ መስመር ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። ከመስመሩ በላይ፣ ወደ አንዱ ዋልታ ጠጋ ብሎ፣ ላጲስ ያሻከረው ቦታ አለ። ገጹን ወደ መስኮቱ አዘንብዬ ሳየው የእርሳሱ ዱካ ገና አልጠፋም፤ አጭር፣ ጎበጥ ያለ፣ እንደ ሌሎቹ ድርብ ነው። በማይክሮስኮፑ ያየኋትን ባለችበት ሥያት ኖሮ፣ በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ስለሌለች አጥፍቼ ከመስመሩ አስገብቻታለሁ። ከሥሩም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ሜታፌዝ ብዬ ጽፌአለሁ።